የድንች ቂጣ በስኮትላንድ፤ የምግብነቱ ታሪክና ግምቱ

ስኮትላንዳውያን «ታቲ ስኮን» የሚሉት የድንች ቂጣ አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። የተቀቀለ ድንች ይደቆሳል፤ ጥቂት ዱቄት፣ ጥቂት ቅቤና ጨው ተጨምሮበት ይለወሳል፤ ከዚያ በኋላ በስሱ ተዳምጦ እንደ ክብ ቂጣ ከሆነ ወዲያ በአራት ተከፍሎ በጋለ የብረት ምጣድ ላይ በሁለት ወገን ይበስላል። እርሾ አይገባበትም፤ ቅመም የለውም፤ ለድግስም አይቀርብም። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ስለዚህ ምግብ ሲጠየቁ የድኻ ምግብ ነው ብለው በፈገግታ ያልፉታል፤ የምግብን ይዘት በሠንጠረዥ የሚያጠኑ ሊቃውንትም ድንቹም ዱቄቱም ያው ስታርች ነውና በስታርች ላይ ስታርች መጨመር ነው ብለው ዝቅተኛ ማዕረግ ይሰጡታል።

ይህ ፍርድ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን አንድን ምግብ ከማዕዱ ነጥሎ በብቻው መመዘን ወደ ስሕተት ሊመራ እንደሚችል የዚሁ የድንችና የድንች ቂጣ ታሪክ በግልጥ ያሳያል፤ ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ ሳይቀር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሰዎች ጤና ላይ ጉዳት አድርሷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን ነገር፤ ቂጣው ከድንቹ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። «ስኮን» የሚለው ቃል ጋቪን ዳግላስ የተባለው ባለቅኔ የሮማዊውን የቨርጂልን ኤኔይድ ወደ ስኮትላንድ ቋንቋ ተርጉሞ በ1513 በፈጸመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ድንች በስኮትላንድ ይቅርና በአውሮፓ ምድርም ገና አልታወቀም ነበር። እንግዲህ የጥንቱ ስኮን የገብስ ወይም የአጃ ቂጣ ነበረ ማለት ነው። የሚጋገርበት «ግርድል» የተባለው የብረት ምጣድም እንዲሁ ጥንታዊ ነው፤ በፋይፍ አውራጃ የምትገኘው የከልሮስ ከተማ አንጥረኞች በዚህ ምጣድ ሥራ የታወቁ ስለ ነበሩ፤ ንጉሥ ጀምስ 6ኛ በ1599 ምጣዱን የመሥራት መብት ለእነርሱ ብቻ እንዲሆን ፈቅዶላቸዋል። ለአንድ ምጣድ የንጉሥ ደብዳቤ መጻፉ፤ ቂጣ በዚያ አገር ኑሮ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ያመለክታል። ብዙው የገጠር ቤት የዳቦ ምድጃ አልነበረውም፤ የነበረው እሳትና ምጣድ ነው። ድንች በኋላ ዘመን ሲመጣ የገባው እንግዲህ ቀድሞ በተዘጋጀለት የእህል ማዕድ ቤት ውስጥ ነው።

የዚህ ማዕድ ቤት ጌታ አጃ ነበር። በቆላማው ስኮትላንድ ሚስት ያገባ የእርሻ ሠራተኛ ከደመወዙ ዋናውን ክፍል የሚቀበለው በአጃ ዱቄት ሲሆን፤ የተለመደውም መጠን በዓመት ስድስት ቦል ተኩል፤ ማለትም 413 ኪሎ ያህል ነበር። ላጤዎቹ ደግሞ በሳምንት 17 ፓውንድ ተኩል ይሰፈርላቸዋል፤ ይህም በቀን ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚህ ጋር በቀን አንድ የስኮትላንድ ፓይንት ወተት ይሰጣቸዋል፤ የስኮትላንዱ ፓይንት ከእንግሊዙ የሚበልጥ በመሆኑ 1.7 ሊትር ያህል ይመጣል። ላጤው ሠራተኛ ምግቡን የሚሠራው ራሱ ነው፤ የሚሠራውም «ብሮዝ» የተባለውን ነው፤ ይኸውም የአጃ ዱቄት በሣህን ላይ አድርጎ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ በጨው ማማሰል ነው። የእኛን በሶ የሚያውቅ አንባቢ የስሙ መመሳሰል ያስገርመው ይሆናል፤ ቃላቱ ግን ዝምድና የላቸውም፤ የሚመሳሰሉት በአሠራር ፍጥነትና ብዙ ሥራ የሚጠብቀውን ሰው በማጥገብ ብቻ ነው። አጃ ከወተት ጋር ሲሆን ለጉልበት የሚበቃ፤ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ያልጎደለ ምግብ እንደ ነበረ ዛሬ ማንም አይክድም።

ድንች በስኮትላንድ ምድር መጀመሪያ የታየው በሊቃውንት የአትክልት ስፍራ ነው፤ ጀምስ ሰዘርላንድ በ1683 ባሳተመው የኤዲንብራ የመድኃኒት ዕፀዋት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ከአትክልት አጥር አልወጣም። በሜዳ እርሻ ላይ መዝራቱ በኪልሲዝ አካባቢ በ1739 እንደ ተጀመረ ይነገራል። ወደ ምዕራቡ ደሴቶች አገባቡ ግን ትግል የነበረበት ነው። በ1743 የክላንራናልድ ነገድ አለቃ አየርላንድን ጎብኝቶ ሲመለስ ድንች ይዞ መጥቶ፤ በሳውዝ ዩስት ደሴት የሚኖሩ ጭሰኞቹን ትከሉ ብሎ አዘዘ። ጭሰኞቹ እምቢ አሉ፤ ታሰሩም፤ በመጨረሻም ተከሉ። አዝመራው በደረሰ ጊዜ ግን ድንቹን በአለቃው በር ላይ አራግፈው፤ እንድንተክል ልታስገድደን ቻልክ፤ እንድንበላ ግን ልታስገድደን አትችልም የሚል መልስ እንደ ሰጡት ጆን ዎከር የተባለው ቄስና የተፈጥሮ ሊቅ ስለ ደሴቶቹ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተርኮታል። እኔ ይህን ታሪክ የማየው እንደ ድንቁርና ማስረጃ አይደለም። ጭሰኛው የማያውቀውን ሥር በአጃው ፋንታ ሊተካ ሲጠየቅ የሚያስበው ስለ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን፤ ነገ ቢጠፋ ምን እበላለሁ ብሎ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የደረሰው ነገር ጥርጣሬው ከንቱ እንዳልነበረ አሳይቷል።

ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ደሴቶቹም ተራራማው አገርም በድንች ተያዙ። ሰር ጆን ሲንክሌር ለየአጥቢያው ቄሶች የጥያቄ ዝርዝር ልኮ መልሳቸውን ከ1791 እስከ 1799 በ21 ቅጽ ባሳተመው የስኮትላንድ መግለጫ ውስጥ፤ ከየአጥቢያው የሚመጣው ቃል ተመሳሳይ ነው፤ ሕዝቡ የዓመቱን ብዙ ወራት የሚኖረው በድንች ነው ይላል። (የሕዝብን ኑሮ በጥያቄ ዝርዝር ማጥናት የዘመናችን ፈጠራ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር እነዚህን ቅጾች ቢያነብ ይጠቀማል።) የመስፋፋቱ ምክንያት ግልጥ ነው። ድንች አጃ በማያበቅል ጭቃማ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ገበሬው በእግሩ በሚረግጠው መቆፈሪያ መደብ ሠርቶ የባሕር አረም እያዳበረ ይተክለዋል፤ ከአንድ ጋሻ በማትሞላ ቁራጭ መሬትም አንድ ቤተሰብ ይመግባል። ባለመሬቶቹም ይህን ስላወቁ ሰፊውን ግጦሽ ለበግ እያስለቀቁ ጭሰኞቹን በባሕር ዳር በጠባብ ቁራጭ መሬት ላይ አሰፈሯቸው። የባሕር አረም አቃጥሎ አመዱን ለፋብሪካ መሸጥ ከ1815 በኋላ ዋጋው ሲወድቅ፤ ለነዚህ ሰዎች የቀራቸው ድንቹ፣ ዓሣውና ጥቂት ወተት ብቻ ሆነ። ድንች ወደ አገራችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን ጊዜውም የ1850ዎቹ ማለቂያ እንደ ሆነ ይነገራልና፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ስኮትላንድ በእርሱ ምክንያት ከተፈተነች በኋላ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል።

ወደ ቂጣው እንመለስ። የድንች ቂጣ በመሠረቱ የትራፊ ምግብ ነው። ማታ ተቀቅሎ የተረፈው ድንች ጠዋት ይደቆሳል፤ ድንቹ እስኪያያዝ ድረስ ብቻ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ከምጣድ ወርዶ ገና ትኩስ ሳለ ቅቤ ተቀብቶ ይበላል። በዚያ አገር ተማሪ ሳለሁ የማርፍበት ቤት እመቤት ዱቄቱን በስፍር ሳይሆን በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሚጨምሩት፤ ብዙ ዱቄት ያበዛች ሴት ቂጣዋ እንደ ቆዳ ይሆናል ይሉ ነበር። ማሪያን ማክኒል በ1929 ባሳተሙት የስኮትላንድ ማዕድ ቤት መጽሐፍም ይህ ቂጣ ስፍራ አግኝቷል። ዱቄቱ ጥንት ገብስ ወይም አጃ፤ በኋላ ግን ስንዴ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 225 ግራም የተቀቀለ ድንች፣ 55 ግራም የስንዴ ዱቄትና 15 ግራም ቅቤ ብንወስድ፤ አራት ቁራጭ ይወጣዋል። ከድንቹ 175፣ ከዱቄቱ 190፣ ከቅቤው 110 ያህል ካሎሪ ይገኛል፤ ስለዚህ አንዱ ቁራጭ 120 ካሎሪ ያህል ነው። የፕሮቲኑ ድምር 10 ግራም ያህል ሲሆን፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላው ዱቄት ከፕሮቲኑ ከግማሽ የሚበልጠውን ያመጣል። እንግዲህ ዱቄቱ ሊጡን ለማያያዝ ብቻ የገባ ይምሰል እንጂ፤ ድንች የጎደለውን የሚሞላ ነው። ድንቹ በበኩሉ ፖታሲየም ያመጣል፤ ውሃም ስለ ያዘ ቂጣው ሳይከብድ ሆድ ይሞላል። ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ እንደ ታወቀው ደግሞ፤ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ከስታርቹ ጥቂቱ በትንሹ አንጀት የማይፈጭ ይሆናል፤ ይህም ለትልቁ አንጀት እንደ ገለባ ይጠቅማል፤ እንደገና ሲሞቅ ግን ይህ ጥቅም በከፊል ይቀንሳል።

የቂጣው ትልቁ ጉድለት ቪታሚን ሲ ነው። በመኸር የተነቀለ ድንች በመቶ ግራም 20 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ በጎተራ ሲከርም እስከ ጸደይ ድረስ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሲቀቀል ይቀንሳል፤ ተደቁሶ ሲያድር ይቀንሳል፤ በምጣድ ላይ ሁለተኛ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በትኩሱ የሚበላው ድንችና በማግስቱ የሚጋገረው ቂጣ፤ ከአንድ ሥር የመጡ ቢሆኑም በዚህ ረገድ አንድ ምግብ አይደሉም። የገጠሩ ሰው ግን ጉዳት አልደረሰበትም፤ ምክንያቱም ማታ ድንቹን በትኩሱ በልቷል፤ ጠዋት ቂጣውን የሚበላው ደግሞ ከአሬራ ወይም ቅቤው ከወጣለት ወተት ጋር ነው። አንድ ብርጭቆ አሬራ ከሁለት ቁራጭ የድንች ቂጣ የበለጠ ፕሮቲን አለው፤ ካልሲየሙም 240 ሚሊግራም ያህል ነው። በባሕር ዳር ደግሞ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ይጨመራል፤ እርሱም ስቡን፣ ፕሮቲኑንና በዚያ ፀሐይ በማይበዛበት አገር እጅግ የሚያስፈልገውን ቪታሚን ዲ ያመጣል። ማዕዱ በሠንጠረዥ ሳይሆን በልማድ የተሠራ ሆኖ ሳለ የተሟላ ነበር።

በ1845 በአየርላንድ የታየው የድንች ምች በ1846 በስኮትላንድ ተራራማ አገርና በምዕራቡ ደሴቶች ወረደ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መደቡ ጠቆረ፤ ከመሬት የሚወጣው ድንችም ይሸት ነበር። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የሚበላው አጣ። በዚያው ክረምት መጀመሪያ እጁን የዘረጋው የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ከ1847 ጀምሮም ገንዘቡን ከምጽዋት የሚሰበስብ አንድ ማዕከላዊ ቦርድ ተቋቁሞ እህል ማደል ጀመረ። በስኮትላንድ በረኃብ የሞተው ሰው ቍጥር እንደ አየርላንዱ ያልሆነው በዚህ እርዳታና የተቸገረው ሕዝብ በቍጥር ያነሰ በመሆኑ ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ላልፍ አልወድም። ይሁን እንጂ እርዳታው እንዴት እንደ ተሰፈረ መመልከት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ለአንድ ወንድ በቀን አንድ ፓውንድ ተኩል ዱቄት፣ ለሴት ግማሹ፣ ለሕፃን አንድ ሦስተኛው ይሰጥ ነበር። በ1848 ግን «የችግረኝነት መፈተኛ» የተባለ ደንብ ወጣና፤ አንድ ሰው ሙሉ ቀን መንገድ ሲቆፍር ውሎ የሚያገኘው አንድ ፓውንድ ዱቄት ብቻ ሆነ። የደንቡ አሳብ፤ እርዳታው ከደመወዝ ያነሰ ካልሆነ ሕዝቡ ይሰንፋል የሚል ነው፤ በለንደን የግምጃ ቤቱ ሹም ቻርልስ ትሬቬልያንም ይህን አሳብ በብርቱ ይደግፍ ነበር። ስለ መጠኑ ማነስ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው።

አንድ ፓውንድ የአጃ ዱቄት 454 ግራም ነው፤ ከዚህ 1,700 ካሎሪና 54 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ሁለት ኪሎ የተቀቀለ ድንች 1,500 ካሎሪና 36 ግራም ፕሮቲን ያህል ይሰጣል። በወረቀት ላይ ለሚያሰላ ሰው እንግዲህ ዱቄቱ ከጠፋው ድንች የሚበልጥ ምትክ ነው፤ በሁለቱም ዓምድ ይበልጣል። በሦስተኛው ዓምድ ግን፤ ያን ጊዜ ገና ባልተሠራው ዓምድ፤ በመኸር ጊዜ ሁለት ኪሎ ድንች ከመቶ ሚሊግራም ያላነሰ ቪታሚን ሲ ሲሰጥ አጃው ባዶ ነው። ከውጭ አገር የመጣውም የበቆሎ ዱቄት ባዶ ነው። ስለዚህ ሆዱ በዱቄት የተደገፈው ሕዝብ ድዱ ይደማ፣ እግሩ ይጠቁር፣ ቁስሉ አልሽር ይል ጀመር። ለረጅም ጊዜ በመሬት ላይ እምብዛም ያልታየው፤ የመርከበኞች ደዌ ተብሎ የሚታወቀው ስከርቪ በ1846 እና በ1847 በተራራማው አገር፣ በባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈርና በኤዲንብራ ከተማ ተነሣ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው፤ የዚህ በሽታ ፈውስ በዚያችው ከተማ ከዘጠና ዓመት በላይ ቀድሞ ታትሞ የነበረ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጀምስ ሊንድ በ1747 በሳልዝበሪ መርከብ ላይ ዐሥራ ሁለት ሕሙማን በስድስት ወገን ከፍሎ፤ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ፈጥነው እንደ ዳኑ አይቶ፤ በ1753 መጽሐፉን በኤዲንብራ አሳትሟል። በ1847 በሽታውን የመረመሩት የኤዲንብራው ሊቅ ሮበርት ክሪስቲሰን ግን ምክንያቱ የወተት መጉደል ነው አሉ፤ ሠራተኞቹ ዳቦ፣ ቡናና ሥጋ እንጂ ወተት አያገኙም ነበርና፤ በፐርዝ ወኅኒ ቤትም በሽታው የታየው ለእስረኞቹ ወተቱ ቀርቶ በፋንታው የስኳር አተላ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ የለም፤ የድንቹ መጥፋት ነው ሲሉ ተከራከሯቸው። ክሪስቲሰን ወተትን የመረጡት ስለ ፕሮቲኑ ነበርና ምክንያታቸው ስሕተት ነው፤ ምልከታቸው ግን ስሕተት አልነበረም። ትኩስ ወተት በመቶ ግራም አንድ ሚሊግራም ያህል ብቻ ቪታሚን ሲ አለው፤ የጥንቱ የእርሻ ሠራተኛ በቀን የሚጠጣው 1.7 ሊትር ግን ወደ 17 ሚሊግራም ያደርሰዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሼፊልድ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ ስከርቪን ለመከልከል በቀን 10 ሚሊግራም እንደሚበቃ ተረጋግጧል። ስለዚህ ድንች ሳይመጣ በአጃ ብቻ ይኖር የነበረው ሠራተኛ የዳነው በወተቱ ነው፤ ላም የሌለው የባሕር ዳር ጭሰኛ የዳነው በድንቹ ነው፤ ሁለቱንም ያጣው የ1847 ችግረኛ ታመመ። ሁለቱም የክርክር ወገኖች አንዱን ምግብ ይዘው ይሟገቱ ነበር እንጂ ማዕዱን አላዩም። ቪታሚን ሲ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1932 ነው።

ከረኃቡ በኋላ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ፤ ከ1852 እስከ 1857 ለስደት እርዳታ የተቋቋመው ማኅበር ብቻ አምስት ሺህ ያህል ሰው ወደ አውስትራሊያ ልኳል። ሌላው ወደ ግላስጎው ፋብሪካዎች ወረደ። የድንች ቂጣው አብሮት ወደ ከተማ ገባ፤ አሬራው ግን በገጠር ቀረ። በፋንታው ሻይ በስኳር፣ ነጭ ዳቦና ማርማላታ ተተኩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ኖኤል ፓተንና ባልደረቦቻቸው በኤዲንብራ የሠራተኞችን ቤት ምግብ እየመዘኑ ሲያጠኑ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ አጃና ወተት እየቀረ ዳቦና ሻይ ነግሧል። በከተሞቹ የሕፃናት እግር መጣመም፤ ማለትም ሪኬትስ፤ የተለመደ ነገር ሆነ። ቂጣው አልተለወጠም፤ ጎረቤቱ ተለወጠ።

በዚህ ረገድ ታላቁ ማስረጃ የመጣው በአበርዲን የሮዌት ተቋም መሪ ከነበሩት ከጆን ቦይድ ኦር ነው። በ1920ዎቹ በስኮትላንድ ከተሞችና በቤልፋስት በ1,500 ያህል ተማሪዎች ላይ ለሰባት ወር በተደረገው ሙከራ፤ በየቀኑ ወተት የተጨመረላቸው ልጆች ካልተጨመረላቸው ይልቅ በቁመትም በክብደትም 20 በመቶ ያህል የበለጠ እድገት አሳዩ። ለእኛ ጉዳይ ዋና የሆነው፤ ቅቤው የወጣለት ወተት የተሰጣቸውም ልጆች እንዲሁ ማደጋቸው ነው። የገጠር ሴት ቅቤዋን ለገበያ ልካ ከድንች ቂጣው ጋር ለልጆቿ የምታቀርበው ይኸው ወተት ነበር። ኦር በ1936 ስለ ምግብ፣ ስለ ጤናና ስለ ገቢ የጻፉት መጽሐፍ ድኻው የሚጎድለው እውቀት ሳይሆን ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ የሚገዛበት ገንዘብ መሆኑን አሳየ፤ በ1945 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1949 የሰላም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በጦርነቱ ዘመን ስንዴ የሚያመጡ መርከቦች በባሕር ስለ ሰጠሙ፤ መንግሥት ሕዝቡ ድንች እንዲበላ አጥብቆ መከረ፤ ያን ጊዜ የድንች ቂጣ የድኻ ምግብ መሆኑ ቀርቶ የአገር ወዳድ ምግብ ሆነ። ከ1940ዎቹም ጀምሮ በብሪታንያ ነጭ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ካልሲየም በሕግ ይጨመራል፤ ስለዚህ ዛሬ ቂጣው ራሱ፤ ጥቂትም ቢሆን፤ ከአሬራው ያጣውን ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የድንች ቂጣ በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። አንዳንዱ የሚሠራው ከደረቀ የድንች ቅርፊት ሲሆን በቅቤ ፋንታ ዘይት ይገባበታል። ጠዋት ከእንቁላል፣ ከአሳማ ሥጋና ከቋሊማ ጋር በስብ ተጠብሶ በአንድ ሣህን ይቀርባል፤ ቀድሞ ቀጭን የነበረው 120 ካሎሪም በመጥበሻው ውስጥ ይወፍራል። በቀድሞው ማዕድ ላይ ስቡን የምታቀርበው ላሚቱ ወይም ሄሪንጉ ነበረ፤ አሁን መጥበሻው ነው፤ ከአጠገቡም የሚቀመጠው ሻይ ነው።